ከሽማግሌዎቹ የደበቅኩት የወንድሜ ሥራ

ለወንድሜ ለሚኪያስ፤

እንዴት ሰነበትክልኝ? ጤናህስ? ያ ከገና ጀምሮ የያዘህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም እየሳልክ «ደህና ነኝ» ትላለህ? የላክኩልህን የሱፍ ካልሲ እያደረግከው ነው ወይስ እንደ ልማድህ ለሰው ሰጠኸው? የግላስጎው ብርድ በካልሲ የሚመለስ ዓይነት አይደለም ብለኸኝ ነበር፤ ቢሆንም አድርገው። እኛ እዚህ አዳማ በመጋቢት ሙቀትና አቧራ መሃል ሁላችንም በእግራችን የቆምን ነን። እማዬም ጉልበቷ አንዳንድ ጠዋት ከሚያኮርፋት በቀር ደህና ናት። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። በሌላው ግን ደህና አይደለሁም፤ ይህ ደብዳቤም የዚያ የሌላው ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ጉድ ልንገርህና ሳቅብኝ። ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ወደ ሰፈር ልንታጠፍ ስንል ጋሽ መርዳሳ ከፊት ለፊት በእግራቸው ሲመጡ አየኋቸው። እኔ የአርባ ስድስት ዓመት ሴትዮ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ዘንቢሌን ታቅፌ ከወንበሩ ሥር ተወሸቅኩ! ቲማቲሙ በጉልበቴ ተጨፈለቀ። ባለባጃጁ በመስታወቱ አይቶኝ «እትዬ፣ የወደቀብሽ ነገር አለ?» ሲለኝ «አዎ፣ ቁልፍ» አልኩት። ደግ ሰው ሆኖ መከራዬን አበዛው። ባጃጁን ጥግ አስይዞ፣ ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ አብሮኝ ቁልፍ ይፈልግ ጀመር። ጋሽ መርዳሳ በአጠገባችን አለፉ። አላዩኝም፤ ወይም እንዳላዩ ሆነው አለፉ። የትኛው እንደሚሻለኝ እስካሁን አላውቅም።

ጋሽ መርዳሳን፣ አባታችን ካረፈ ጀምሮ ለቤታችን ጉዳይ ሁሉ እንደ አባት የሚቆሙልንን፣ በልጅነትህ በኤንትሬ የጭነት መኪናቸው ጋቢና ቆቃ ድረስ ወስደው ግድቡን ያሳዩህን ሰው፣ ምን አድርገውሽ ነው የምትሸሺያቸው ትለኝ ይሆናል። እሳቸው ምንም አላደረጉኝም። ያደረግኩት እኔ ነኝ። እሳቸውንም፣ አንተንም።

ይህን በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ታውቀኛለህ፤ ስልክ ላይ ስሆን ወሬው ይጣፍጠኛል፣ እቀልዳለሁ፣ አንተም ትስቃለህ፣ ከዚያ ነገሩ ሳይነገር መስመሩ ይቋረጣል። ስለዚህ በእጄ ጻፍኩት። የጽሕፈት ቤቴን ኮምፒውተር እንኳ አልነካሁም። ሃያ ዓመት የሰው ማመልከቻ ስጽፍ የለመድኩት አመል አለኝ፤ ለቢሮ የማይመች ነገር ሲመጣ ቃሉን አለስልሼ አሳልፈዋለሁ። «ተባረርኩ» የሚለውን «በስምምነት ለቀቅኩ» አደርገዋለሁ። ባለጉዳዩ ይመርቀኛል፣ ቢሮውም ማኅተሙን ይመታል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይሄዳል። ጉድ የሠራኝ ይኸው ሙያዬ ነው።

ጥር ላይ ደውለህ «ኮከብን ማግባት እፈልጋለሁ፣ ሽማግሌ ላኩልኝ» ስትል የሆነውን ታስታውሳለህ። እማዬ ስልኩን ሳትዘጋ እልልታዋን ስታቀልጠው ጎረቤት ምን ደረሰባቸው ብሎ ወጣ። ኮከብ እዚሁ አዳማ ላብራቶሪ ውስጥ ስለምትሠራ ሁላችንም እናውቃታለን፣ እንወዳታለንም። አባቷ አቶ ሰንበታ ግን አርሲ ነገሌ የሚኖሩ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ እሳቸውን የምናውቃቸው በዝና ነው። ዝናቸውም አንድ ነው። የበኩር ልጃቸው ወታደር ሆኖ ሄዶ እንደወጣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በግቢያቸው የጦር ነገር አይነሣም። ለኮከብ ታላቅ እህት የአንድ ሻለቃ ልጅ ሽማግሌ ልኮ፣ ልጁ ራሱ የባንክ ሠራተኛ ሆኖ ሳለ፣ «ከእኔ ቤት ለጦር የሚሰጥ ሁለተኛ ልጅ የለም» ብለው ሽማግሌዎቹን ከደጅ መልሰዋል ይባላል።

ሽማግሌ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው የሙሽራው ትውልድ፣ ሃይማኖቱና ሥራው ነውና ያን ቀን ስለ ሥራህ ጠየቅኩህ። አንተም ሳትሰለች አስረዳኸኝ። አተሞችን በሌዘር ብርሃን አቀዝቅዛችሁ ሊቆሙ እስኪደርሱ እንደምታዘገዩአቸው፤ ያን ያህል ሲቀዘቅዙ ደግሞ እንደ ውሃ ሞገድ እንደሚሆኑ፣ ኳንተም የሚባለውም ይኸው እንደሆነ፤ መርከቡ ሲፈጥን፣ ሲዘገይ፣ ሲዞር ሞገዱ ላይ ምልክቱ ስለሚቀር ከዚያ ተነሥታችሁ መርከቡ የት እንደደረሰ እንደምታሰሉ። ከሰማይ ካለ ሳተላይት ምንም ሳይጠይቅ! ዕቃው ገና የማቀዝቀዣ ያህል ትልቅ እንደሆነና ሙከራ ላይ እንዳለም ነገርከኝ።

«ይኼ ለማን ይጠቅማል?» ስልህም አልደበቅከኝም። ቀድሞ የሚፈልገው ባሕር ኃይል ነው አልከኝ። ሰርጓጅ መርከብ ውሃ ውስጥ ገብቶ የሳተላይት ምልክት አያገኝም፤ በጦርነት ጊዜ ደግሞ ጠላት ምልክቱን ያፍነዋል፣ ወይም የሐሰት ምልክት ልኮ አውሮፕላኑንም መርከቡንም ያሳስታል፤ የእናንተ ዕቃ ግን ከውጭ የሚጠብቀው ምልክት ስለሌለ የሚያፍነው የለም። ይህን ሁሉ ነገርከኝ። እኔም ምላሴ አያርፍምና «ለሚሳኤልስ ይሆናል?» አልኩህ። አንተም «ዕቃው እያነሰ ከሄደ፣ አዎ፣ ይሆናል» አልክ። ከዚያ ያልከኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ሙሉ፣ ይህን እንዳትደብቂ። አባቷ የማይወዱት ከሆነ ከመጀመሪያው ይወቁት» ነው ያልከኝ።

እሺ አልኩህ። እሺታዬ ግን ከአፌ አላለፈም።

ሽማግሌዎቹ ከመሄዳቸው በፊት ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ቤት ተሰበሰቡ። ጋሽ መርዳሳ፣ ፊዚክስ ያስተማሩህ ጋሽ ገብረወልድ፣ ሦስተኛው የዕድራችን ዳኛ። ጋሽ ገብረወልድ ያንተን ሥራ ሲሰሙ ወጣት ሆኑ። ቆሎውን በትሪ ላይ ዘርግተው፣ ሽንብራውን አተም ገብሱን ሌዘር አድርገው ማስተማር ጀመሩ። ትሪውን እያወዛወዙ ሞገድ ሲያሳዩ ቆሎው ግማሹ ምንጣፍ ላይ ፈሰሰ። ጋሽ መርዳሳ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምተው «ገብሬ፣ ሠላሳ ዓመት እንዲህ ስታስተምር ነው እንዴ ተማሪዎችህ ሁሉ ሹፌር የሆኑት?» አሏቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ራሳቸው ማስረዳት ቀጠሉ። «ለእኔ ገብቶኛል። በኤንትሬ ከሞጆ ወደ ሻሸመኔ ስወርድ፣ ቡልቡላ ላይ አቧራው ሲነሣ ዓይኔ ምንም አያይም። መቀመጫዬ ግን ያውቃል። ስንት ኩርባ እንዳለፍኩ፣ ስንት ቁልቁለት እንደወረድኩ ወገቤ ይቆጥራል። ችግሩ፣ ሞጆ ላይ በአንድ ክንድ የተሳሳተ ወገብ ነገሌ ሲደርስ ቦይ ውስጥ ይከትሃል። የሚኪያስ ዕቃ የማይሳሳት ወገብ ነው በለኛ!» አሉ። ጋሽ ገብረወልድም ተነሥተው ጨበጧቸው።

እንግዲህ በዚህ ሳቅ መሃል ነው እኔ በኮምፒውተር የጻፍኩትን አንድ ገጽ ያወጣሁት። «የሙሽራው ሥራ፦ የባሕር ጉዞ መሣሪያ ባለሙያ። መርከቦችና ዓሣ አጥማጆች በጭጋግ እንዳይጠፉ የሚረዳ መሣሪያ ይሠራል» ይላል። ዓሣ አጥማጅ! ሚኪያስ፣ አንድም ቀን ዓሣ አጥማጅ የሚል ቃል ከአፍህ ወጥቶ አያውቅም። የባቱን ሐይቅ ጀልባዎች እያሰብኩ ከራሴ ያወጣሁት ነው።

ጋሽ መርዳሳ ወረቀቱን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። «የጦር ነገር የለበትም? ሰንበታ የሚጠይቀኝ ይህን ነው» አሉኝ። እኔም ሳህን የማነሣ መስዬ፣ ፊቴን ወደ ጓዳ አዙሬ «ኧረ የምን ጦር!» አልኩ። ጋሽ ገብረወልድ ቀና ብለው አዩኝ። ፊዚክስ የሚያውቅ ሰው አይጠፋውም፤ ግን የልጁ እህት «የለም» ካለች የለም ማለት ነው ብለው ይመስለኛል ወደ ቆሏቸው ተመለሱ።

እሑድ ጥር 24 ሄዱ። በሥራ ቀን የዱከም ፋብሪካ ሠራተኞችን የሚያመላልስ ሚኒባስ ተከራይቼ አብሬያቸው ወረድኩ። ሴት ከሽማግሌ ጋር አትገባምና እኔ መኪናው ውስጥ ቀረሁ፤ ጆሮዬ ግን ገብቷል። ቆርቆሮ አጥር ሰው እንጂ ወሬ አይከለክልም። በሩም ገርበብ ብሎ ነበር። አቶ ሰንበታ «ግቡ፣ ተቀመጡ» ቢሏቸው እንደ ወጉ «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» ብለው ግቢው ውስጥ ቆሙ። ትውልድ ተቆጠረ። ሃይማኖት ተጠየቀ። ከዚያ አቶ ሰንበታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጁ የሚሠራው ዕቃ ወደ ጦር ይሄዳል?» አሉ። ጋሽ መርዳሳ «አይሄድም» አሉ። አቶ ሰንበታ መልስ አልሰጡም። ጋሽ መርዳሳ ያን ዝምታ አልወደዱትም መሰለኝ፣ ጎንበስ ብለው ከቧንቧው ሥር እርጥብ ሣር ነጩና በሁለት እጃቸው ዘረጉላቸው። «ሰንበታ፣ ይኸው ሣር። አርባ ዓመት መንገድ ላይ ስኖር ቃሌን አምኖ የተጎዳ ሰው የለም። የዚህ ልጅ ሥራ መንገድ ማሳየት ነው። ደም የለበትም» አሉ።

እሳቸው ባደጉበት ወግ እርጥብ ሣር ተይዞ የተሰጠ ቃል ምን እንደሆነ ታውቃለህ። በሰውም በፈጣሪም ፊት የቆመ ነው። ያ ቃል ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ሰውየው ከዚያ በኋላ ሽማግሌ አይባልም። እኔም አውቃለሁ። እጄ የሚኒባሱን በር ያዘ። ከፍቼ ወርጄ «ቆይ ጋሼ» ብል በቃ ነበር። በሩን ያዝኩት እንጂ አልከፈትኩትም።

ስንመለስ ጋሽ መርዳሳ ዓለም ጤና ላይ አስቁመው አንድ ጆንያ ሽንኩርት ገዙልን። «ለሠርጉ ነው፣ ሰንበታ ፊቱ ፈቷል» እያሉ እስከ ሞጆ ድረስ ሲቀልዱ መጡ። እኔ እግሬን ሽንኩርቱ ላይ አድርጌ ተቀምጬ ስቄላቸዋለሁ።

በቅበላው እሑድ ተመልሰው ሲሄዱ አቶ ሰንበታ «እሺ፣ ሰጥቻለሁ» አሉ። ያን ቀን ስደውልልህ መጀመሪያ የጠየቅከኝ «ሁሉን ሰምተው ነው እሺ ያሉት?» ብለህ ነው። «ሁሉን» አልኩህ። አንተም አመሰገንከኝ። ስታመሰግነኝ ድምፅህ ተቆራረጠ፤ የመስመሩ ችግር አልነበረም።

በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ኮከብ ጽሕፈት ቤቴ መጣች። አንተ ሥራህን ሁሉ፣ ሚሳኤሉንም ጭምር፣ ነግረሃት ኖሯል። አባቷም ይህን ሰምተው የፈቀዱ መስሏታል። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «እትዬ ሙሉ፣ አባቴ ይህን ሰምቶ እሺ ካለ የወንድሜ ሐዘን ለቀቀው ማለት ነው። ስንት ዓመት ስጸልይበት የኖርኩት ነገር ነው። ቁስሉን እንዳልነካ ብዬ ራሱን አልጠየቅኩትም፤ አንቺን ላመስግን ብዬ ነው የመጣሁት» አለችኝ። ከዚያ አለቀሰች። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሡ የተሰለፉ ሰዎች እያዩን እኔም አለቀስኩ። እሷ የእህትነት ለቅሶ መሰላት። አንዲት ሴትዮ እንኳን ደስ ያላችሁ አለችን።

መጋቢት እንደገባ የፈራሁት መጣ። ለጋሽ ገብረወልድ ከአንድ የድሮ ተማሪያቸው ቪዲዮ ተላከላቸው። አንድ ወደብ ላይ፣ ነጭ ቆብ ባደረጉ የባሕር ኃይል መኮንኖች መሃል አንተ ቆመሃል። ከኋላህ የጥቁር ሰርጓጅ መርከብ ጀርባ ከውሃው ብቅ ብሏል። አንተ ፈገግ ብለህ አንድ ግራጫ ሣጥን ታሳያቸዋለህ። እውነቱን ለመናገር ከጀመርኩ ሁሉንም ልናገርና፣ ሳይህ መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት ነው። ኮቱም ልክህ ነበር።

ጋሽ መርዳሳ ያን ቪዲዮ ሦስት ጊዜ አስደግመው አዩት አሉ። ከዚያ ብቻቸውን እኛ ቤት መጡ። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ሳይቀመጡ «ሙሉ፣ ልጁ ደብቆሽ ነው ወይስ አንቺ ደብቀሽኝ?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ብዕሩን ሁለት ጊዜ አስቀምጬ አነሣሁት። «እኔንም ደብቆኝ ነው ጋሼ» አልኳቸው።

አዎ፣ አንተ ላይ ጣልኩት። «እንዳትደብቂ» ያልከኝን ወንድሜን፣ በሌለህበት፣ በሰባት ባሕር ማዶ ሆነህ አፍህን ልትከፍት በማትችልበት፣ ውሸታም አደረግኩህ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ አልተቆጡም። «እንጀራው ነው፤ አፍሮበት ይሆናል። ቢነግረኝ ከሰንበታ ጋር እንነጋገርበት ነበር» አሉ። በሩ ጋ ደርሰው ዞር ብለው «አትቆጪው» አሉኝ። አትቆጪው! እኔን!

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳምንት ለራሴ ጠበቃ ስሆን ከረምኩ። ምክንያት አላጣሁም። ጂፒኤስ ራሱ ከጦር ሰፈር የወጣ ነው ይላሉ ጋሽ ገብረወልድ፤ ዛሬ እዚህ አዳማ በስልኩ መኪና የሚጠራ ሁሉ ይጠቀምበታል። ያንተም ዕቃ አንድ ቀን ምልክት ጠፍቶበት የሚቅበዘበዝ የመንገደኛ አውሮፕላን ሊያሳርፍ፣ መሬት ቆፍሮ ሳያይ ከሥር ያለውን ጉድጓድ ሊያሳውቅ ይችላል፤ ይህን አንተው ነግረኸኛል። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን አመዛዝኖ እሺ ወይም እምቢ ማለት የአቶ ሰንበታ ድርሻ ነበር። ልጅ የሄደባቸው እሳቸው ናቸው። ሚኪያስ፣ ሥራህ አላሳፈረኝም፤ እሱን አንተና ህሊናህ ተነጋገሩበት። እኔን ያሳፈረኝ፣ አንድ አባት ሊያመዛዝኑት የሚገባውን ነገር ከፊታቸው አንሥቼ በቦታው ዓሣ አጥማጅ ማስቀመጤ ነው። ከዚያ ደግሞ ሲነቃብኝ አንተን ማስቀመጤ።

ማክሰኞ እማዬ ከዕድር ስትመለስ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። ሁለት ጎረቤቶች በአጥር ተጣልተው ጋሽ መርዳሳ ዘንድ ቢሄዱ «ሌላ ሰው ፈልጉ። የእኔ ቃል ከእንግዲህ ሰው አያስታርቅም» ብለው መለሷቸው አለችኝ። «አርባ ዓመት የዚህን ሰፈር ጠብ ሲያበርዱ የኖሩ ሰውዬ ምን ነካቸው? ታመው መሆን አለበት» አለች። እማዬ ምንም አታውቅም። በማግስቱ ረቡዕ አጥሚት አፍልታ፣ በፔርሙስ ሞልታ፣ «አንቺ እግርሽ ቀላል ነው፣ አድርሽላቸው» ብላ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ባጃጅ አልያዝኩም። በእግሬ ሄድኩ።

ጋሽ መርዳሳ ከኤንትሬያቸው ላይ ነቅለው ግቢያቸው ውስጥ አግዳሚ ባደረጉት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ፔርሙሱን አጠገባቸው አስቀመጥኩ። «ተቀመጪ» አሉኝ። አልተቀመጥኩም። ቆሜ ነገርኳቸው። ሚኪያስ ጥር ላይ ሁሉን ነግሮኛል፣ እንዳትደብቂም ብሎኛል። ወረቀቱ ላይ የደበቅኩት እኔ ነኝ፣ ሲጠይቁኝ የካድኩት እኔ ነኝ፣ በወንድሜ ያላከክኩትም እኔ ነኝ አልኳቸው። አላለሳለስኩትም። ሲወጣ ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ እኔ አልነበረም። «ዕቃው ሚሳኤል ላይ ይጫናል?» አሉኝ። ገና ነው፣ ትልቅ ነው አልኳቸው። «ሲያንስስ?» አሉኝ፤ እኔ አንተን እንደጠየቅኩህ። ይጫናል አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥለው የተናገሩት ነው እስካሁን የሚያቃጥለኝ። «ውሸቱስ የሴት ልጅ ለወንድሟ መጓጓት ነው ብዬ እችለው ነበር። ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ልጁን በልቤ ስወቅሰው ከረምኩ። በጸሎቴ ላይ እንኳ ስሙን ዘለልኩት። ኢንተላ ኮ፣ መንገዱን በትክክል የነገረሽን ሰው ነው አሳሳተኝ ያልሽው» አሉኝ። በኦሮምኛ «ልጄ» ማለታቸው ከስድብ የባሰ ወጋኝ። አለቀስኩ። አባብለው አላስቆሙኝም፤ እስክጨርስ ጠበቁ።

ስጨርስ «እሑድ ነገሌ እንሄዳለን። የሰጠሁትን ቃል የማነሣው እኔ ነኝ፤ ለምን እንደማነሣው የምትናገሪው ግን አንቺ ነሽ» አሉ። እኔም ደንግጬ «ጋሼ፣ ሴት ከሽማግሌ ጋር ትገባለች እንዴ?» አልኳቸው። «በአጥር ሥር ስትሰሚ ሴትነትሽ ትዝ አላለሽም። ያንኑ ጆሮ ይዘሽ ግቢ» አሉኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ እሰማ እንደነበር ለካ ያውቃሉ! አቶ ሰንበታ እምቢ ቢሉስ፣ ኮከብስ ምን ትሆናለች አልኳቸው። «እምቢ ማለት የእሱ ነበር፤ እኛ ወስደንበታል። የምንሄደው ልንመልስለት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን እሱ ያውቃል» አሉኝ። አጥሚቱን ቀዱና ጠጡ። ለእኔም ቀዱልኝ፤ በቆምኩበት ጠጣሁት።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው ወንድሜ። ሠርጉ ሊፈርስ ይችላል። የፈረሰ እንደሆነ ያፈረሰው ሰርጓጅ መርከቡ አይደለም፣ እኔ ነኝ፤ ይህን ማንም ሌላ እንዲመስለው አልፈልግም፤ አንተም ጭምር። ለኮከብ ነገ ከሥራ ስትወጣ ራሴ እነግራታለሁ። ደብዳቤው ሲደርስህ ሰምታ ትቆያለች፤ አንተ ደውለህ ጥፋቴን አታቅልልኝ። ለእማዬም ዛሬ ከራት በፊት እነግራታለሁ።

ከአንተ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ደሊል፣ የጎረቤታችን ልጅ እዚያው የሚማረው፣ ነገ ዓርብ ስለሚበር ቅዳሜ እጅህ ይገባል። የዚያኑ ዕለት ሥራህን በራስህ እጅ በአንድ ገጽ ጻፍና ፎቶ አንሥተህ በስልክ ላክልኝ። አተሙንም፣ ሰርጓጁንም፣ ሚሳኤሉንም፣ አንተ ራስህ የሚያስጨንቅህ ነገር ካለ እሱንም ጻፍ። አንዲት ፊደል አላሳምርም። አቶ ሰንበታ ፊት የሚያነቡት ጋሽ ገብረወልድ ናቸው፤ ወረቀቱ በእኔ እጅ አያልፍም።

ይቅር በለኝ ብዬ አላጣድፍህም። ስትችል ትለኛለህ። ካልቻልክም ካልሲውን አድርግ።

እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች፤ ይህ የዛሬ ሰላምታዋ ነው፣ ከራት በኋላ የሚሆነውን አላውቅም። ጋሽ ገብረወልድ «ሞገዱን በትክክል አስረድቻለሁ ወይ በይልኝ» ብለውሃል። ጋሽ መርዳሳ ደግሞ ይህን ቃል እንዳላስቀር አደራ ብለውኛል፦ «በልቤ የወቀስኩትን ይቅር ይበለኝ»። አብሮህ ለሚኖረው ለአብተው፣ ያንን ቀዝቃዛ ቤት ላከራዩአችሁ ሴትዮም ሰላምታዬን አቅርብልኝ። የኮከብን ሰላምታ ግን አልጽፍልህም። ነገ ከሰማችኝ በኋላ የምትልክልህ ካለ ራሷ ትልካለች።

እሑድ አቶ ሰንበታ ቤት ገብቼ ስወጣ የምጽፍልህ ያሉኝን ነው። ቢሰድቡኝ ስድቡን፣ በሩን ቢዘጉብኝ መዝጋታቸውን፣ ዝም ቢሉም ዝም ማለታቸውን፣ ከአፋቸው እንደወጣ፣ ሳላለሰልስ።

እህትህ ሙሉብርሃን

አዳማ፣ ሐሙስ መጋቢት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.